አበባ ያለበት የዓይን መሸፈኛ

ሰውየው ምላጩን በሱሪው ጉልበት ላይ ጠረገው። ሀፊሳ እስከዚያ ድረስ ሌላውን ሁሉ ችላው ነበር። የክፍሉን ጨለማ፣ የሌጦውን ግማት፣ በቆርቆሮ ጣሳ የተዘፈዘፈውን ስሙ የማይታወቅ ቅጠል፣ ሁሉንም «የድሃ ቤት ነው፣ ምን ይደረግ» ብላ አልፋዋለች። ምላጩን ግን፣ ከእነሱ በፊት የገባው ሕፃን ቅንድብ የተበጣበትን፣ ደሙ ገና ሳይደርቅ እንዲህና እንዲያ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አሻሸው። ከዚያ በጉንጩ ይዞ ሲያኝክ የቆየውን ቅጠል መዳፉ ላይ እንትፍ አለና «አምጧት እንግዲህ» አለ። ያኘከውን የልጇ ዓይን ላይ ሊለጥፍ ነው!

«አምጧት» የተባለችው ኑሃ ናት፤ የሀፊሳ አንዲት ልጇ፣ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት። መልኳ የአባቷ፣ ምላሷ የእናቷ። ከዓመት ተኩል ወዲህ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ መግባት ጀመረ። ቀኙ ቀጥ ብሎ ያያል፣ ግራው ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሸውራራ ሆነች በቃ፤ ስሙን ቢያሳምሩት ያው ነው።

ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጆቿን የያዘቻት ደግሞ ረሒማ ናት፤ የሀፊሳ ባል የሙነወር ታላቅ እህት። ከወሎ፣ ከሐይቅ ተነስታ መጀመሪያ መቀሌ የገባችው እሷ፣ ወንድሟን ያመጣችው እሷ፣ ሓድነት ሰፈር ቤት ተከራይታ ያስገባችው እሷ፣ የዳረችውም እሷ። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ማን አፉን ይከፍታል? «ልጅቷን የመስኮት ብርሃን ላይ እያስተኛሽ ነው ያንሸዋረርሻት» ስትል ሀፊሳ ዝም። «ቅንድቧ ላይ መጥፎ ደም ተሰብስቦ ነው፤ ሲበጣ ይለቃታል» ስትል ደግሞ ሙነወር «እንግዲህ እትዬ ካሉ…» ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወደ ሥራው። ሴራሚክ ሲያነጥፍ መስመሩ ጥቂት እንኳ ሲጣመም የማያልፍ ሰው ለልጁ ዓይን ሲሆን «እትዬ ካሉ»! አባት ተብዬ።

«እንቢ» አለች ሀፊሳ።

ረሒማ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«እንቢ አልኩ! ያንን ምላጭ ልጄ ላይ? ቱ! እንኳን ሰው ዶሮ አይታረድበትም!»

ልጇን ከረሒማ ጭን መንጭቃ ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ግንቡን ተደግፋ አስመለሳት። ኑሃ ቀሚሷን ይዛ ቁማ አየቻትና «እማዬ፣ አንቺም ቅጠሉን በላሽ እንዴ?» አለቻት። ረሒማ ከኋላ ደረሰች። መንገዱን ሙሉ ስታወርድባት ሄደች፦ በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ መድኃኒተኛ ተሰድቦ ልጅ አይድንም፣ ይህን ያህል ካወቅሽ ራስሽ አድኛት።

«አድናታለሁ» አለች ሀፊሳ፣ አፏን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የኑሃ ዓይን የእሷ ኃላፊነት ሆነ።

መንገዱን ያሳየቻት ኣረጋሽ ናት። ኣረጋሽ በቀዳማይ ወያነ ገበያ ከሀፊሳ ጎን ሻሽና ካልሲ ዘርግታ የምትሸጥ የመቀሌ ሰው ናት፤ አማርኛዋን በትግርኛ እየቀላቀለች ታወራለች፣ ልቧ ሰፊ ነው፣ ምላሷም አይሰንፍም። ነገሩን ስትሰማ ጭኗን መታች።

«ወይለይ! ምላጭ? በዚህ ዘመን? ስሚኝ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ዓይደር ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሂጂ። የልጆች ዓይን ለብቻው የተማረች ሐኪም መጥታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። የወንድሜንም ልጅ እሷ ናት ያየችው። ዛሬ ነገ አትበይ።»

ሀፊሳም ዛሬ ነገ አላለችም። የካቲት ነው፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። በነጋታው በሚኒባስ ዓይደር ወርዳ፣ ፋርማሲዎቹን አልፋ፣ ኣረጋሽ የነገረቻትን ክሊኒክ አገኘች። ሐኪሟ ዶክተር ዘቢብ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትስቅ፣ ግን ልጅ ስታናግር ድምጿ የሚለወጥ ሴት። ኑሃን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጣ ግድግዳው ላይ ቤት፣ ዓሣ፣ ኳስ እያሳየች ጠየቀቻት። ከዚያ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችው። ኑሃ ምንም አልመሰላትም፤ ዓሣውንም ኳሱንም መጥራቷን ቀጠለች። ቀኙን ስትሸፍነው ግን ጮኸች፣ የሐኪሟን እጅ ገፋች፣ እያለቀሰችም ተነሳች። ሲያባብሏት ግን በግራው እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ ጠራች።

«አየሽ?» አለች ዶክተር ዘቢብ ወደ ሀፊሳ ዞራ። «ግራውን ስሸፍንባት ግድ የላትም፣ ምክንያቱም አትጠቀምበትም። ዓይኑ በራሱ አልታመመም ሓፍተይ። አንጎሏ ነው የማይሰማው። ሁለቱ ዓይኖች ወደተለያየ ቦታ ሲያዩ ሁለት ዓይነት ስዕል ይመጣል፤ አንጎል ግራ ይገባዋል፣ እና አንዱን ዝም ያሰኘዋል። ዝም የተባለው ደግሞ እየቆየ ማየት ይረሳል።»

«ይበጣ ሲሉኝ ነበር» አለች ሀፊሳ። ማለት አልነበረባትም፤ አመለጣት።

«ምኑ ይበጣ?» ሐኪሟ ፊቷ ጠቆረ። «ቅንድብ በጥተው ዓይኑን ያመረቀዙባቸውን ልጆች እዚህ አምጥተውልኝ ያውቃሉ። ተይው። ደግሞ የሐኪሙም ቢሆን ድሮ ጥሩ አልነበረም፤ ‹ትደግ፣ ያኔ ይታያል› ይባል ነበር። ስታድግ ጊዜው ያልፋል። ሌሎች ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየሸፈኑ ልጁን ያማርሩት ነበር። አሁን ብዙ ልጆች ታይተው ነገሩ ታውቋል። እንደ ኑሃ ላለችው መጀመሪያ መነጽር፣ ከዚያ ደህናው ዓይን፣ ቀኙ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ይሸፈናል። ሁለት ሰዓት ብቻ። ግን እጇ ላይ ቅርብ ሥራ ይኑራት፤ ሰነፉ ዓይን ተገዶ ይሥራ።»

«ቀዶ ጥገናስ?»

«ምናልባት ኋላ። ቀዶ ጥገና ዓይኑን ያቀናዋል እንጂ ማየት አያስተምረውም። ማየት የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ አንጎሏ ለመማር የተመቸ ነው፤ ከዚያም በኋላ ይሞከራል፣ ግን ይከብዳል። ቀን አታባክኚ። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ።»

ሀፊሳ መነጽሩንና አንድ ካርቶን ቡናማ ፕላስተር ይዛ ስትወጣ ደረቷ ተነፍቶ ነበር። ማየት የምታስተምሪው አንቺ ነሽ! ለረሒማ ቃል በቃል ደገመችላት።

«ደህናውን ዓይን ሸፍኖ የታመመውን መግለጥ?» አለች ረሒማ። «የተማረ ሰው ጉድ! እግሩ የተሰበረ ሰው ደህናው እግሩ ይታሰርለታል?»

«እትዬ፣ ሐኪም ያለችው ነው። እርስዎ ብቻ አይንኩብኝ።»

«እኔ? ወላሂ በእጄ አልነካውም!»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነትም ጥሩ ነበሩ። ማታ ማታ ከገበያ ሲመለሱ ፕላስተሩ ቀኝ ዓይን ላይ ይለጠፋል፣ መነጽሩ ከላይ ይደረጋል፣ የቁልፍ ጣሳ ይቀርባል። ከሰልባጅ ሸሚዝ የተበጠሱ ቁልፎች ናቸው፤ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ። ኑሃ መጀመሪያ በጣቷ እየዳሰሰች ታለቅስ ነበር፤ ሳፋ ትመታለች፣ ደፍ ያደናቅፋታል፣ «አውልቂልኝ!» ትላለች። ሀፊሳም «ቁልፉ ይለቅ» ትላታለች። ቀዩንና ጥቁሩን መለየት የጀመረች ቀን ሀፊሳ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አሁን የገበያውን ነገር መንገር የግድ ነው፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው።

ሀፊሳ የምትሸጠው የልጆች ሰልባጅ ነው። ሰልባጅ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ጨርቅ ነው፣ ማንም አያየውም። ልጅ ላይ ሲሆን ግን ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ኑሃ መቆም ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው፦ ቦንዳ፣ የታሰረው ሰልባጅ፣ ሲፈታ ምርጥ ምርጡን ታለብሳትና በርጩማ ላይ ታቆማታለች። ኑሃም ታውቅበታለች፤ ትዞራለች፣ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። እናቶች ገና ከሩቅ «ያንን፣ የለበሰችውን!» እያሉ ይመጣሉ። በገበያው ውስጥ ሰው ሀፊሳን የሚያውቃት በበርጩማዋ ልጅ ነው።

ዓይኗ ከተንሸዋረረ ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። የሕፃን ልብስ በብዛት የሚገዛ ማን ነው? ነፍሰ ጡር ናት። ነፍሰ ጡር ደግሞ ያየችውን ትወልዳለች ይሏታል፤ አንካሳ ካየች አንካሳ፣ ሸውራራ ካየች ሸውራራ። በርጩማው ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ፣ ደረታቸው ላይ እንትፍ እንትፍ ይላሉ፣ ይሸሻሉ። አንዷማ፣ አላህ ይይላት፣ ወደ ልጅቷ ዞራ ነው የተፋችው። ምራቋ የአዲሱ መነጽር መስታወት ላይ አረፈ። ኑሃ ዝናብ መስሏት ወደ ላይ አየች። ሀፊሳ ምራቁን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ሞቅ ያለ ነበር። እንዴት ያስጠላል! ሰው ለሰው እንዲህ ይሆናል? ግን አልተናገረችም፤ ሴትዮዋ ሦስት ጓደኞች ይዛ ነበር፣ ጓደኞቿ ልብስ እያገላበጡ ነበር።  ቤቷ ገብታ እጅጌዋን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠበችው።

ከዚያ አንድ ቀን ከቦንዳ ውስጥ ብብቱ የተቀደደ ሰማያዊ ቬልቬት ኮት ወጣ። ከጀርባው የዓይን ቅርጽ ቆርጣ፣ ላስቲክ ሰፍታ፣ መሐሉ ላይ ነጭ የጨርቅ አበባ ተከለችበት። እጇ ጎበዝ ነው፤ አማረ። ግራው ዓይን ላይ አደረገችላት። ጠማማው ዓይን ጠፋ፤ ቀጥ ያለው ብቻ ቀረ።

«ምን ሆና ነው?» ሲሏት «ትንኝ ገብቶባት ነው» ትላለች። «ውይ የኔ ቆንጆ! አበባዋን እዩልኝ!» ይላሉ። ነፍሰ ጡሮቹ ተመለሱ። ጉንጯን ይቆነጥጧታል፣ ከረሜላ ያቀብሏታል፣ «የለበሰችውን» ይላሉ። ኑሃም ወደደችው። ለምን አትወደው? አይለጥፍም፣ ሲነቅሉት ፀጉር አይነጭም፣ ደግሞ በቀኙ ሁሉን ነገር ጥርት አድርጋ ታያለች። ማንም አይተፋባትም።

ሀፊሳ ሐኪሟ ያለችውን የረሳች እንዳይመስላችሁ። አልረሳችም። «ሁለት ሰዓት አለች። ሁለቱን ሰዓት ማታ እሰጣለሁ። የቀረው ቀን የእኔ ነው» አለች ለራሷ። ይኸው ነው ሂሳቧ። ለሐኪሟም ለገበያውም የድርሻቸውን የሰጠች፣ ሁሉን ያስታረቀች መሰላት። ስንት ብልጥ ሴት በእንዲህ ዓይነት ብልጠት ተቀብራለች!

ኣረጋሽ አንድ ጊዜ ጠይቃታለች። «ሓፍተይ፣ ሐኪሟ ቀኙን ነው የሚሸፈነው ብላሽ የለ?»

«እሱ የማታው ነው።»

«ኣሃ» አለች ኣረጋሽ። ካልሲዎቿን ማጣጠፏን ቀጠለች።

የማታው ደግሞ እየሳሳ ሄደ። ሰው ቀኑን ሙሉ ቁሞ ውሎ ሲገባ ማን ልጅ ሲያለቅስ መስማት ይፈልጋል? ሁለቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ሆነ፤ አንዱ ሰዓት ወጥ እስኪሞቅ ሆነ። የገበያው ግን ከሐሙስ በቀር አንድም ቀን አልሳሳም፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ የተባለችውም ፋሲካ ደረሰና ቀረች፤ የበዓል ገበያ ማን ይተዋል? ፋሲካ አለፈ፣ ረመዳን ገባ፣ የዒድ ልብስ ይፈለጋል። አራት ወር ሆነ። እናም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሀፊሳን ብትጠይቋት የሚያስጠላት ሰው ሁሉ በስም ይታወቃል፦ የምላጩ ሰውዬ፣ የምትተፋው ሴትዮ፣ «እንግዲህ» ባዩ ባሏ፣ ከሁሉም በላይ ረሒማ። የእሷ እጅ ንጹሕ ነው።

ከዒድ በኋላ ዓይደር ሲሄዱ ረሒማ «እኔም ልስማት ያቺን ሐኪም» ብላ አብራ ገባች። ዶክተር ዘቢብ የዘገዩበትን ቀን ካርዱ ላይ አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ኑሃን ወንበሩ ላይ አውጥታ ቀኙን ሸፈነችና ግድግዳውን አሳየቻት። ኑሃ ትልቁን ቤት አወቀችው። ከሱ የሚቀጥለውን ዓሣ «ጫማ» አለችው። ሦስተኛውን መስመር «እዚያ ምንም የለም» አለች። በየካቲት ሦስተኛውን መስመር አንብባዋለች።

ሐኪሟ እንደገና ሞከረች፣ ብርሃን አብርታ አየች፣ የመነጽሩን መስታወት አረጋገጠች። ከዚያ ተቀመጠች።

«ወርዷል» አለች። «ከመጀመሪያው ይልቅ ወርዷል። ቢያንስ ባለበት መቆም ነበረበት። ሽፋኑን በትክክል ታደርጉላታላችሁ?»

ሀፊሳ ደሟ ፈላ። ዞር ብላ ረሒማን አየቻት፤ ባለ ጥቁር ጅልባቧ ረሒማ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሐሙስ ሐሙስ ሀፊሳ ቦንዳ ልትገዛ ስትሄድ ኑሃ ከነፕላስተሯ የምትውለው እሷ ጋ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?

«እርስዎ ነዎት!» አለች ጮክ ብላ። «ሐሙስ ሐሙስ ፕላስተሩን ወደ ግራ የሚያዞሩት እርስዎ ነዎት! ‹ደህናው እግር ይታሰራል ወይ› ሲሉ አልነበር? ምላጩን ብከለክልዎ በዚህ ገቡ! ልብዎን አፈር ይብላው! የወንድምዎን ልጅ ሊያሳውሩ!»

ኮሪደር ላይ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው በበሩ ያዩ ጀመር። ረሒማ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ወላሂል አዚም በእጄ አልነካሁትም» አለች። «ጠልቼዋለሁ፣ እውነት ነው። ግን አልነካሁትም። ሀፊሳ፣ በአላህ፣ ሰው እያየ…»

«ይይ! ሰው ይይዎት!»

«እረፉ» አለች ዶክተር ዘቢብ። ወንበሯን ወደ ኑሃ ሳበች፣ ጎንበስ አለች፣ ድምጿን ለወጠች። «ኑሃዬ፣ አንቺ ንገሪኝ። እማማ የትኛውን ዓይንሽን ነው የምትሸፍንልሽ?»

ኑሃ አሰበች። ጠንቃቃ ልጅ ናት፤ ስትጠየቅ አሟልታ መመለስ ትወዳለች።

«የቤቱን ነው ወይስ የገበያውን?» አለች።

 ሀፊሳ ዘንቢሏን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋች።

«የገበያው ምንድን ነው?» አለች ሐኪሟ።

«አበባ ያለው ነዋ!» ኑሃ ከወንበሩ ወርዳ የእናቷን ዘንቢል በረበረችና ሰማያዊውን ቬልቬት አወጣች። በሁለት እጇ ላስቲኩን ለጥጣ፣ ማንም ሳያግዛት፣ ግራ ዓይኗ ላይ አጠለቀችው። ፈገግ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ይሄ አያምም። የቤቱ ነው የሚያምም።»

«ገበያ ላይ እስከ ስንት ሰዓት ታደርጊዋለሽ?»

«እስክንሸጥ» አለች ኑሃ።

ዶክተር ዘቢብ መሸፈኛውን ቀስ ብላ አወለቀችላት። ለሀፊሳ ስትሰጣት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «በቀን ሁለት ሰዓት አስተምሪያት ብዬ ነበር» አለች። «አንቺ ስምንት ሰዓት አስረሳሻት። የተኛውን ዓይን ነው ተመልሰሽ ያስተኛሽው።» ካርዱ ላይ ጻፈች፣ ጻፈች። «አልተዘጋም። አሁንም እንሞክራለን። ግን አራት ወር ጠፍቷል፤ እስከ ሰባት ዓመቷ ካላት ጊዜ ላይ ነው የጠፋው።»

ሀፊሳ መሸፈኛውን ይዛ ቆመች። ከሰፋችው ወዲህ አንድም ቀን አላጠበችውም። ውስጡ በላብና በከረሜላ ረጥቦ ደርቆ ቅርፊት አውጥቷል፣ የዓይናር ቢጫ ተጋግሮበታል። ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው ከረፋት። ይህን ነበር ጠዋት ጠዋት ልጇ ዓይን ላይ የምታደርገው። ያን ቀን የምላጩን ሰውዬ ቤት ሸሽታ ወጥታ ነበር፤ አሁን ግን የምታመልጠው ቤት አልነበረም፤ የገዛ እጇ ነው።

ወደ ቤት በባጃጅ ተመለሱ። ኑሃ መሐል ተቀምጣ ታንጎራጉራለች። ሓድነት መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ረሒማ ውጭ ውጭውን እያየች አንዲት ነገር አለች።

«ያ ሰውዬ እንኳን ቅንድቧን ነበር የሚበጣት።»

  እውነት ስትሆን ነገር አጭር ናት። ባጃጁ ሲቆም ሀፊሳ ረሒማን እጇን ይዛ አወረደቻትና፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። «አውፍ ይበሉኝ» አለች። ረሒማ አውፍ አላለቻትም፤ እግሯንም አላሸሸችም። ኋላ ኑሃን ይዛ ወደ ግቢው ገባች።

ሀፊሳ መሸፈኛውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወረችው። ነጩ አበባ ወደ ላይ ሆኖ ሲሰምጥ አየችው። የጉድጓዱ ግማት አልታወቃትም። ማታ ሙነወር መጥቶ ነገሩን ሲሰማ «እንግዲህ…» ብሎ ጀመረ።

«እንግዲህ አትበለኝ!» አለችው። «አንተ ‹እንግዲህ› ስትል፣ እኔ ስሸጥ፣ ልጅቷ ዓይኗ ጠፋ! ከዛሬ ጀምሮ ፕላስተሩን የምትለጥፈው አንተ ነህ፤ እኔ እጄን አላምነውም።» ሙነወር ደነገጠ። ግን በማግስቱ ጠዋት የልጁን ፊት በለብ ያለ ውሃ አጥቦ፣ ቡናማውን ፕላስተር በቀኟ ላይ፣ ለሴራሚክ እንደሚጠነቀቀው ተጠንቅቆ ለጠፈው። አንድም ጥግ አልተነሳበትም።

የዚያን ቀን ገበያው ሞልቶ ነበር። ሀፊሳ ቦንዳ ፈትታ ከሁሉ የሚያምረውን ቢጫ ቀሚስ ለኑሃ አለበሰችና በርጩማው ላይ አቆመቻት። ቀኙ በፕላስተር ታሽጓል። ግራው በመነጽሩ ውስጥ፣ ጠማማ እንደሆነ፣ ለገበያ ሁሉ ተገልጧል። ኣረጋሽ አየች፣ አበባው የት እንደደረሰ ግን አልጠየቀችም። በርጩማዋን ወደ እነሱ አስጠጋች።

ብዙም አልቆየ፤ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ከእህቷ ጋር መጣች። ቢጫውን ቀሚስ ከሩቅ አይታ ነው የመጣችው። ስትቀርብ ግን ቀጥ አለች፣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ ደረቷ ላይ እንትፍ እንትፍ አለች።

«ኡፍ! ደህናውን ዓይን ሸፍና ጠማማውን ታሳየናለች! ምን ዓይነት እናት ናት ይቺ?»

«እኔም ስጠይቅ ነው ያደርኩት» አለች ሀፊሳ። ዓይኗን አልሰበረችም። «አንቺ ማየት ከፈራሽ የራስሽን ዓይን ሸፍኚ፣ እቴ። ይሄን አልሸፍነውም። ሸፍኜው አየሁት፣ ከእንግዲህ ይበቃኛል።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሄደች። እህቷም ተከተለቻት። በረድፉ ያሉት ሻጮች ተያዩ።

ኑሃ እጆቿን ወገቧ ላይ አላደረገችም። ሁለቱንም ወደ ፊት ዘርግታ፣ በሩቅ የተሰቀሉትን ልብሶች፣ የሚያልፈውን ሰው፣ የኣረጋሽን ቀይ ሻሾች የምትፈልግ ይመስል አንገቷን ታዞራለች። ጫጫታው ይሰማታል። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አለ። በርጩማው ላይ እንዳትወድቅ ሀፊሳ ከጎኗ ያዘቻት።

«እማዬ» አለች ኑሃ፣ «ገበያው የት ሄደ?»

 ሀፊሳ ለአራት ወር የሸጠችው ይህን፣ የልጇን እይታ ነው፤ አሁን ገባት። ከኪሷ አንድ ቀይ ቁልፍ አውጥታ ከልጇ ፊት፣ በጣም ቅርብ፣ ያዘችው።

«እዚሁ አለ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ፈልጊው።»

ኑሃ ጠማማውን ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገችና መፈለግ ጀመረች።